ሽመላዎቹ ምሰሶ ላይ ማደር ሲጀምሩ

ከአሥር ሰዓት በኋላ እጄ ሥራ አይይዝም። ሽንኩርት ልቀነጥስ ቁጭ እላለሁ፤ ግማሹን ትቼ እነሣለሁ። ልብስ አጣጥፋለሁ፤ ያጣጠፍኩትን መልሼ እበትናለሁ። ባለቤቴ ይስቅብኛል። «ደግሞ ሰዓቷ ደረሰ» ይላል። ሽመላዎቹ የሚመለሱበትን ሰዓት ማለቱ ነው። ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ከቦርከና ወንዝ ማዶ ተነሥተው፣ ረጅም እግራቸውን ወደ ኋላ ዘርግተው፣ በእኛ ማሽላ ላይ እያለፉ ማደሪያ ይፈልጋሉ። እኔም ደጅ ወጥቼ የት እንዳረፉ ሳላይ እራት አልጥድም።

ድሮ እንዲህ አልነበርኩም። ስጋቱስ ከልጅነቴም አብሮኝ ያደገ ነው፤ ስለ ወፍ ግን አልሰጋም ነበር።

ቤታችን ከከሚሴ ወጣ ብሎ፣ የጨፋ ሜዳ ከሚጀምርበት ዳገት ሥር ነው። በሙሽርነት ስመጣ ከማሽላችን በታች ያለው ቦታ ሁሉ ውሃ ነበር። ክረምት ከበጋ የማይደርቅ ረግረግ፤ ፊላው ሰው ይውጣል። በበጋ አፋሮች ከብታቸውን ይዘው ይመጡበት ነበር። ማታ ማታ የእንቁራሪቱ ጩኸት እንቅልፍ ስለሚነሣኝ የመጀመሪያውን ዓመት አልቅሻለሁ። ወፉማ ለጉድ ነበር። ይብራው፣ ዳክዬው፣ ስሙን የማላውቀው ሁሉ እዚያ ይውላል። ሽመላ ግን የምትመጣው ክረምቱ ሲወጣ፣ ማሽላው እሸት ሲይዝ ነው። አማቴ፣ አላህ ይዘንላቸውና፣ ልጆች ድንጋይ ሲያነሡባት ካዩ ከዘራቸውን ይዘው ይነሡ ነበር። «ተዉ! መካን ዞራ የመጣች ሐጂ ናት» ይላሉ። እውነት ይሁን አይሁን እንጃ። እኔ የማውቀው ተምች ማሳ በገባበት ዓመት ሽመላዎቹ ከባለቤቴ ኋላ ኋላ እየተራመዱ፣ እንደ ቀን ሠራተኛ ጎንበስ ቀና እያሉ፣ ተምቹን ሲለቅሙልን መዋላቸውን ነው።

የሚያድሩት ከወንዙ ዳር ባለው ትልቅ ዋርካ ላይ ነበር። ከኩሳቸው ብዛት ግንዱ ኖራ የተቀባ ይመስላል።

ከዚያ መብራት መጣ። ስንት ዓመት የለመንነው መብራት ነው፤ ምሰሶው በማሽላችን ዳር ሲተከል እልል ያልኩት እኔው ነኝ። ሽቦው የሚያልፈው በዋርካው በኩል ስለነበር ቅርንጫፉ እንዳይነካው ተብሎ ዋርካው ተቆረጠ። ሰፈሩ ሁሉ እንጨቱን ተካፈለ፤ እኔም ድርሻዬን አንድጃለሁ። ለጥቆ ውሃ መሳቢያ ሞተሩ መጣ። በናፍጣ ጊዜ ነዳጅ ያለው ብቻ ነበር የሚያጠጣው፤ በመብራት ሲሆን ሁሉም ቦይ ቆፈረ፣ ረግረጉ ተንጠፈጠፈ፣ ፊላው ታጨደና ቦታው ሽንኩርትና ቲማቲም ሆነ። እኛም ዘራን። ውሸት ምን ያደርጋል፣ ቤታችን ከሣር ወደ ቆርቆሮ የተሸጋገረው በዚያ ሽንኩርት ነው።

ዋርካው በተቆረጠበት ዓመት ሽመላዎቹ እንደ ልማዳቸው መጡ። ማታ በባዶው ቦታ ላይ ሲዞሩ፣ ሲዞሩ፣ ሲዞሩ አመሹ። ሰው ቤቱ ፈርሶ ቢያገኘው የሚዞረውን መዞር ነበር የሚዞሩት። ሊጨልም ሲል አንዷ ወርዳ ምሰሶው ራስ ላይ ያለው አግዳሚ ብረት ላይ ቆመች። ሌሎቹም ተከተሏት።

በማግስቱ ልጄ ከምሰሶው ሥር አንዷን ሞታ አገኘቻት። ክንፏ ጫፉ ላይ ተቃጥሏል።

ስለ ልጄ ልናገር። አንድ ናት። ከእሷ በፊት የወለድኳቸው አልበረከቱልኝም፤ ስለዚህ እሷን ያሳደግኳት እንደ እንቁላል ይዤ ነው። ውሃ ስትቀዳ እከተላታለሁ፤ ስታስል አልተኛም። እኔ ከአራተኛ ክፍል ስላቆምኩ እሷ እንድትማር እፈልጋለሁ። ጠዋት ትማራለች፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ እንደ ሰፈሩ ልጆች ሁሉ ማማ ላይ ወጥታ ማሽላውን ከግሪሳ ትጠብቃለች። ግሪሳ ማለት ድንቢጥ የምታህል ወፍ ናት፤ ብቻዋን ምንም አይደለችም፤ እንደ ደመና ሆና ስትወርድ ግን የዓመት ልፋት በአንድ ከሰዓት በኋላ ይሄዳል።

ዱሮ ግሪሳን በወንጭፍና በጅራፍ ነበር የምናባርረው። ደግሞ የጣሳ ገመድ አለ፤ ከማማው ምሰሶ ተነሥቶ በማሳው መሐል እስከ ዳር የሚዘረጋ የቃጫ ገመድ፤ ባዶ ጣሳዎች ይንጠለጠሉበታል። ጠባቂዋ ማማው ላይ ቁጭ ብላ ስትስበው ማሳው ሁሉ ይንኳኳል። የመብራት ሠራተኞቹ ሥራቸውን ሲጨርሱ ቁርጥራጭ ሽቦ ጥለው ሄዱ፤ የሰፈሩ ሰውም እንደ ሲሳይ ተሻማው። ቃጫ ይበሰብሳል፣ አይጥ ይበላዋል፤ ሽቦ ግን አይበጠስም፣ ድምፁንም እስከ ማሳው ዳር ያደርሳል። በአንድ ዓመት ውስጥ በጨፋ የእኛ ዳር በቃጫ የቀረ ማሳ አልነበረም። የእኛም የጣሳ ሽቦ በመብራቱ መስመር ሥር ያልፍ ነበር። መስመሩ ከላይ፣ የእኛ ከታች። ማንም ልብ አላለው። እኔ ራሴ የምፈራው እባብ ነበር፤ ልጄ የተበጠሰ ገመድ ልትቋጥር ማሽላ ውስጥ መግባቷ ስለቀረ ደስ ብሎኝ ነበር።

ከዚያች ከሞተችው ሽመላ በኋላ ልጄ አዲስ ነገር አመጣች። ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ፣ ሽመላዎቹ መውረድ ሲጀምሩ፣ ጣሳውን መሳብ ታቆማለች። ግሪሳው ደግሞ ወደ ማደሪያው ከመሄዱ በፊት የመጨረሻውን ጉርሻ የሚጎርሰው በዚያው ሰዓት ነው።

መጀመሪያ ያወቀው ጎረቤታችን ነው። ማሳው ከእኛ ጋር ይዋሰናል፤ እድሜው ከባለቤቴ ትንሽ ይበልጣል፤ ምላሱ ደግሞ ከጅራፉ ይበልጣል።

«አንቺ ሴት፣ ልጅሽ ሰነፈች ወይስ ወፎቹን አገባቻቸው?» አለኝ።

«ምን አደረገች ጋሼ?»

«ወፍ ጠብቂ ተብላ ወጣች፣ ይኸው ወፍ እየጠበቀች ነው! ግሪሳው የእናንተን ጨርሶ ወደ እኔ ሲሻገር እሷ ማማ ላይ ሆና ሰማይ ታያለች። በይ ንገሪያት፣ ያለዚያ እኔ መጥቼ እስባለሁ።»

ማታ ተቆጣኋት። እሷ ደግሞ ስትቆጣ ድምፅዋን አታነሣም፤ ዝቅ ታደርጋለች።

«እማ፣ ጣሳው ሲንኳኳ ይደነግጣሉ። ሲደነግጡ ወዴት እንደሚነሡ አያዩም። ክንፋቸው ሰፊ ነው፤ ሁለቱን ሽቦ አንድ ላይ ከነካ አለቀ። ሳልስበው ግን ቀስ ብለው ነው የሚወርዱት።»

«እኛስ ምን እንብላ? ሽመላ ትቅለበን?»

«ትንሽ ደቂቃ ናት እኮ።»

«ሽመላ ናት የወለደችሽ? እኔ ነኝ የወለድኩሽ!»

አባቷ ሳቀና «ወላሂ፣ እግሯስ የሽመላ ነው» አለ። ሳቁ ግን ብዙም አልቆየ። «ልጄ፣ በዚህ ዓመት ሽንኩርቱን በሽታ መቶታል፤ ማሽላው ነው ያለን። ነገ ሳቢ» አላት። እሺም እምቢም አላለችም። እኔ ደግሞ ከዚያን ቀን ጀምሮ ሁለት ስጋት ያዘኝ፤ ማሽላው እንዳያልቅ፣ እሷም የቆሰለ ወፍ አነሣለሁ ብላ ከምሰሶው ሥር እንዳትሄድ። «ማማው ይነሣ፣ ከመስመሩ ይራቅ» ብዬ ባለቤቴን ነዘነዝኩት። «ከዚያ ከተነሣ ማሳው አይታይም» አለኝ። እውነቱን ነው፤ አይታይም።

ያ ቀን በኅዳር ነበር። ያለ ወቅቱ ካፊያ ጥሎ ዋለ። ማሽላው ራሱን ደፍቷል፤ ሊታጨድ ቀርቦ ነበር። እኔ ደጃፍ ላይ ሽንኩርት እየቀነጠስኩ፣ ከኋላዬ አምፖሉ በርቶ፣ ማሳውን አያለሁ። የጎረቤታችን ጣሳ ይንኳኳል፤ የእኛ ዝም ብሏል። «ይቺ ልጅ!» አልኩ ለራሴ። ሄጄ ልቆጣት ቢላውን አስቀመጥኩ።

ከምሰሶው በኩል አንድ ነገር እንደ ጅራፍ ጮኸ። አምፖሉ ጠፋ፣ ተመልሶ ከልክ በላይ በራ፣ ደግሞ ጠፋ። ቀና ስል ከምሰሶው ራስ እሳት እንደ ውሃ ሲንጠባጠብ አየሁ። ሽመላዎቹ በአንድ ላይ ተነሥተዋል። ጫማ አላደረግኩም፤ ነጠላዬ የት እንደወደቀ እስካሁን አላውቅም።

ስደርስ የመስመሩ ሽቦ ተበጥሶ ወርዶ የእኛ የጣሳ ሽቦ ላይ ተጋድሟል። ጣሳዎቹ ብቻቸውን ይንቀጠቀጣሉ። ከእርጥቡ ቅጠል ጢስ ይወጣል። የጣሳው ሽቦ ጫፍ፣ ልጄ የምትስብበት፣ ጨርቅ የተጠመጠመበት እጀታ፣ ከማማው መሰላል አጠገብ ተንጠልጥሏል። እሷ ማማው ላይ ናት። ሻርፗን ለዝናቡ በራሷ ላይ አድርጋ፣ አንድ እግሯን ወደ መሰላሉ አውርዳለች።

በአማርኛ መናገር ጠፋኝ። «ሂን ቱቂን! ሂን ቱቂን!» ብዬ በኦሮምኛ ጮኽኩ፤ እናቴ እሳት ዳር ስንጫወት የምትጮኽብን ጩኸት ነበር። «እንዳትነኪው! እግርሽን መልሺ! ታኢ! ተቀመጪ!»

«እማ፣ ሽመላዋ አለች» አለች። «አልሞተችም፤ ክንፏን እያንቀሳቀሰች ነው። ወርጄ...»

«ቁጭ በይ!»

ከማማው ሥር፣ ከወደቀው ሽቦ ትንሽ ወዲያ፣ ሽመላዋ በጎኗ ወድቃለች። አንድ ክንፏ ይነሣል፣ ይወድቃል።

ጎረቤታችን እየሮጠ መጣ። እጁ ላይ ከአጥር የነቀለው ረጅም እንጨት አለ። «እንጨት ኮረንቲ አይዝም! ሽቦውን ወዲያ አደርገዋለሁ!» ብሎ ሊገባ ሲል ጋቢውን ከኋላ ያዝኩት። እንጨቱ ርጥብ ነው፣ መሬቱ ርጥብ ነው። መስመሩ ሲዘረጋ አንዱ ሠራተኛ ሰብስቦ የነገረንን አልረሳሁም፤ «የወደቀ ሽቦ ሞቷል ብላችሁ እንዳትጠጉት፤ ሲተኛም ይነክሳል» ብሎን ነበር። ሰው ሁሉ ያን ቀን ስቆበት ነበር። እኔ የፈራሁትን ነገር አልረሳም።

«ልቀቂኝ አንቺ ሴት! ልጅሽ እኮ ናት!»

«ልጄ ስለሆነች ነው! አይገቡም ጋሼ!»

ጋቢው ተቀደደ፤ እሱም ቆመ። ባለቤቴ ከሽንኩርቱ ማሳ ወጥቶ ለመብራት ሰዎች ስልክ እየደወለ ነበር፤ አንዱ ለአንዱ እያቀበለው። በመጨረሻ «እየመጡ ነው» አለ።

በዚህ መሐል መብራቱ አንዴ ተመልሶ መጣ። ጣሳዎቹ ጮኹ፤ ሰማያዊ ብልጭታ ከሽቦው ጫፍ እስከ ጫፍ ሮጠ፤ እጀታው ላይ ያለው ጨርቅ ጨሰ። ከዚያ ደግሞ ዝም አለ። ያ ጨርቅ የእኔ አሮጌ ቀሚስ ቁራጭ ነበር፤ እጇን እንዳይቆርጣት ብዬ የጠመጠምኩት።

ከዚያ በኋላ የቀረኝ ልጄን እንዳትንቀሳቀስ ማድረግ ብቻ ነበር። ሄጄ ላቅፋት አልችልም። መናገር ብቻ። ፋቲሃን፣ የቁርአንን መክፈቻ፣ በቃሏ አስቀራኋት። ጨረሰች። ደግመሽ ቅሪ አልኳት። እየቀራች ዓይኗ ግን ሽመላዋ ላይ ነው።

«እማ፣ እያየችኝ ነው።»

«አያት፣ ግን ቁጭ በይ።»

«በዚያ በኩል ብወርድ ሽቦውን አልነካውም እኮ። አየሽ፣ ቦታ አለ።»

«የለም።»

«አለ! አንቺ ከዚያ ሆነሽ አይታይሽም!»

ደግሞም ተነሣች። ጭቃው ላይ ተቀመጥኩ። «በይ ንገሪኝ» አልኳት፤ «ምን እያደረገች ነው? እኔ ከዚህ አይታየኝም፣ አንቺ አይተሽ ንገሪኝ። ከወረድሽ ማን ይነግረኛል?» እንዴት እንደመጣልኝ አላውቅም። ልጄ መልሳ ተቀመጠች። ትነግረኝ ጀመር። ክንፏን አነሣች አለች። አንገቷን አጠፈች። አፏን ከፈተች፣ ድምፅ የላትም። አሁን ክንፏ ዝቅ አለ። አሁን ደግሞ ትንሽ።

ከዚያ አንገቷን አስግጋ ወደ ታች አየች።

«እ?» አልኩ።

«ተወችው እማ» አለች።

አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ወፏ ስትሞት ደስ አለኝ። መካን ዞራ የመጣች ቢሆንም ባትሆንም፣ ደስ አለኝ። ልጄ የምትወርድበት ምክንያት አልቆ ነበር። እሷ ፊቷን በሻርፗ ሸፍና ስታለቅስ እኔ ጭቃ ላይ ቁጭ ብዬ «አልሐምዱሊላህ» እል ነበር።

የመብራት ሰዎች ሊጨልም ሲል መጡ። ከትራንስፎርመሩ አጥፍተው፣ ሽቦውን መሬት አስነክተው፣ ከዚያ ነው አንዱ መሰላል ይዞ የገባው። ልጄን ሲያወርዳት ወደ እኔ አልሮጠችም፤ መጀመሪያ ወደ ሽመላዋ ሄዳ ክንፏን አጠፈችላት።

ሠራተኛው የጣሳውን ሽቦ አነሣ፣ እጀታውን አየ፣ ማማውን አየ። «ይህን የሚስበው ማን ነው?» አለ።

«እኔ ነኝ» አለች።

«ሲወድቅ እየሳብሽ አልነበረም?»

«አልነበረም። ሽመላዎቹ እየወረዱ ነበር።»

ሰውየው እጀታውን ቀስ ብሎ መሬት ላይ አስቀመጠው። ጎረቤታችን የተቀደደውን ጋቢውን እያጣጠፈ ጉሮሮውን ጠረገ፤ የሚናገረው ሲያጣ ያን ቀን ነው ያየሁት። ከዚያ ባለቤቴ ከሠራተኛው ጉጠት ተቀብሎ፣ በዚያች ምሽት፣ የጣሳውን ሽቦ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቆርጦ ጠቀለለው። እሁድ ወደ ሰንበቴ ከተማ ገበያ ወርዶ ቃጫ ገዛ። ጎረቤታችንም የራሱን ሽቦ ነቀለ። ሌሎቹን እየዞርኩ ለመንኳቸው፤ የሰማኝ ሰማኝ፣ ያልሰማኝ «ያንቺ ፍርሃት መቼ አለቀ!» ብሎ ሸኘኝ። የእነሱ ልጆች ዛሬም ሽቦ ይስባሉ። በዚያ በኩል ሳልፍ ሽቦው የት እንደሚያልፍ ቀና ብዬ አያለሁ።

ሠራተኛውን ሽመላዎቹ እንዳይነኩ ምሰሶው ላይ የሚደረግ ነገር የለም ወይ ብዬ ጠይቄው ነበር። አለ አለኝ፤ ሌላ ቦታ በፕላስቲክ የሚሸፍኑበት፣ ወፎቹ ከሩቅ እንዲያዩት ሽቦው ላይ የሚያንጸባርቅ ነገር የሚሰቅሉበት አለ፤ እኛ ጋ ገና ነው። ሁለት ጊዜ ከሚሴ ሄጄ ጠየቅኩ። በደህና አነጋገሩኝ። እስካሁን ገና ነው።

መብራቱ ይነሣ አልልም። ልጄ በእሱ ነው የምታጠናው። ውሃው ወደ ረግረጉ ይመለስም አልልም፤ ሽንኩርቱን በልቻለሁ። ግን ሲመሽ እንቁራሪት አይጮህም፤ ያ ያስለቀሰኝ ጩኸት ዛሬ ናፍቆኝ ጆሮዬን አቀናለሁ።

ባለፈው ዓመት ክረምቱ ሊወጣ ሲል ባለቤቴና ጎረቤታችን ከዳገቱ አንድ የደረቀ ግራር ጎትተው አወረዱ። ሐሳቡ የልጄ ነው። ከመስመሩ ርቆ፣ ዋርካው ከነበረበት ወረድ ብሎ፣ በወንዙ ዳር ጉድጓድ ቆፍረው እንደ ምሰሶ ተከሉት። ጎረቤታችን ሲቆፍር ሙሉ ቀን ሲያጉረመርም ዋለ፤ «ለሐጂዎቹ ማረፊያ ቤት ሥራ ተባልኩ፤ ኪራይ ግን የለም» ሲል ነበር። ሽመላዎቹ መጡ፤ ከዱሮው በጣም ያነሱ ነበሩ። ግራሩ ላይ ለብዙ ቀን ማንም አላረፈም። ከዚያ አንዷ አረፈች። ከዚያ ሌሎች። አንዳንዶቹ ግን አሁንም ምሰሶውን ይመርጣሉ፤ ከፍ ስለሚል ይሆናል።

ማማው ተነሥቶ ከዳር ሆኗል፤ ማሳው ሙሉ በሙሉ አይታይም፤ ግሪሳ የሚወስደውን ይወስዳል። መሸትሸት ሲል ልጄን ቤት አስገብቼ እኔ ነኝ የምወጣው። የቃጫውን ገመድ እይዛለሁ፤ አልስበውም። ዛሬም ወጥቼ ነበር። የመጨረሻዋ ሽመላ ብቻዋን ቀርታ በምሰሶውና በግራሩ መሐል ትዞራለች። ዝቅ ትላለች፣ ሐሳቧን ትለውጣለች፣ ደግሞ ከፍ ትላለች። ምሰሶው ላይ ካረፈች ሌሊቱን ሙሉ አምፖሉ ብልጭ ባለ ቁጥር ነው የምነሣው።

«ወዲያ በይ፣ እናቴ» አልኳት፤ «ወደ ወንዙ።»

ልጄ ከቤት ሆና ተጣራች። «እማ! የት አረፈች?»

«ገና ናት» አልኩ። «አንቺ አትውጪ።»